ሶፋው አልጋ ሲሆን ከጨርቁ ሥር ምን ይከናወናል?

ሶፋ አልጋ ሊገዛ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው ጨርቁ ላይ ነው። ቀለም ይመርጣል፣ ስፖንጁን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል፣ አንዴ ተቀምጦ ይነሣና ይስማማል። ከጊዜ በኋላ «ወገቤን ጨረሰው» ወይም «አልታጠፍ ብሎ አስቸገረ» የሚል እሮሮ ሲመጣ ፍራሹ ይወቀሳል፤ ፍራሹ ይቀየራል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። የእንቅልፉን ምቾት፣ የመክፈቻውን ቅለትና የዕቃውን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው ከሥር ተደብቆ የሚታጠፈው ፍሬም ነው። በፍሬሙም ውስጥ ከብረቱ ውፍረት ይልቅ መጋጠሚያዎቹ የተቀመጡበት ቦታ።

ሦስት ቃላት ደጋግመው ስለሚመጡ አስቀድመን እንለያቸው። «ፍሬም» ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ወይም የእንጨት አጽም ነው። «ዘንግ» የምንለው በሁለት ጫፉ ተበስቶ ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያያዝ ብረት ነው። «መጋጠሚያ» ደግሞ ሁለት ብረቶች በሪቬት ወይም በቡሎን ተያይዘው አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞርበት ነጥብ ነው።

ሶፋና አልጋ የሚጣሉት በምንድን ነው?

በመጠን አይስማሙም። የምቹ ሶፋ መቀመጫ ከወለል ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከፊት ጠርዙ እስከ መደገፊያው ያለው ጥልቀት ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ተቀማጩ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት መቀመጫው ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ መደገፊያውም ጋለል ይላል። አልጋ ይህን ዝንባሌ አይፈልገውም። ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ርዝመቱም 190 ወይም 200 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት።

በክብደት አሸካከምም ይለያያሉ። ሰው ሲቀመጥ አብዛኛው ክብደቱ በመቀመጫውና በጭኖቹ ሥር ባለ ጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ይፈለጋል። ሲተኛ ግን ክብደቱ ይበተናል፤ ትከሻውና ዳሌው ጥቂት ሰመጥ እንዲሉ የሚፈቅድ ለስላሳ ነገር ይሻል። አንዱን ያስደሰተ ስፖንጅ ሌላውን ያስቀይማል።

ስለዚህ የንድፍ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ተራ ሒሳብ ነው፦ ከ55 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 190 ሴንቲ ሜትር እንዴት ይወጣል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተኚውን አዙሮ በሶፋው ርዝመት ማስተኛት ነው፤ ሁለተኛው አልጋውን ሦስት ቦታ አጣጥፎ መደበቅና ወደ ፊት መዘርጋት። ገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች ስማቸው ቢበዛም ከሞላ ጎደል ሁሉም የእነዚህ የሁለቱ ልጆች ናቸው።

አልጋው ወደየት ይዘረጋል?

በመጀመሪያው መንገድ መደገፊያው ወደ ኋላ ወድቆ ከመቀመጫው ጋር እኩል ይሆናል። ሶፋው ራሱ 190 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ የአልጋው ርዝመት ያለ ምንም ማጠፍ ተገኘ። የመቀመጫው 60 እና የመደገፊያው 60 ሲደመሩ 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይሰጣሉ። በሚያሰማው ድምፅ «ክሊክ ክላክ» የሚባለው ዓይነት ከዚህ ወገን ነው። በማጠፊያው ውስጥ ጥርስ ያለው ብረትና በጥርሱ ላይ የሚያርፍ ምላስ አለ። መቀመጫው ወደ ላይ ሲነሣ ምላሱ ከጥርስ ጥርስ እየዘለለ በየደረጃው ይቆማል፤ አንዱ ለመቀመጥ፣ አንዱ ጋለል ለማለት። ከመጨረሻው ጥርስ በላይ ሲነሣ ምላሱ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ጠፍጣፋ እስኪሆን ይወርዳል።

ይህ ዓይነት ቀላልና ጠንካራ ነው፤ የሚበላሽ ነገርም ብዙ የለውም። ሁለት ጉድለቶች ግን አሉበት። በመቀመጫውና በመደገፊያው መሐል ያለው ስንጥቅ የሚሄደው በአልጋው ርዝመት ነው። ሁለት ሰው ከተኛ በመሐላቸው ያልፋል፤ አንድ ሰው ከተኛ ግን ልክ ከአከርካሪው ሥር ይመጣል። ሁለተኛው፣ መደገፊያው ወደ ኋላ ስለሚወድቅ ሶፋው በየማታው ከግድግዳ መራቅ አለበት። ይህን ለማስቀረት መቀመጫው በጎማ ወይም በሐዲድ ወደ ፊት እንዲሳብ፣ መደገፊያውም በለቀቀው ቦታ ላይ እንዲወድቅ የተደረገባቸው አሉ። ግድግዳው አያስቸግርም፤ ስንጥቁ ግን ይቀራል።

በሁለተኛው መንገድ የተኚው ራስ ወደ መደገፊያው፣ እግሩ ወደ ክፍሉ መሐል ይሆናል። የመቀመጫው ትራስ ይነሣል፣ ከሥሩ ሦስት ቦታ የታጠፈው ፍሬም ወጥቶ ይዘረጋል። እዚህ የአልጋውን ስፋት የሚወስነው በክንድ መደገፊያዎቹ መሐል ያለው ርቀት ነው። ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ስልት ደግሞ አለ፦ መደገፊያው ከላይ ተይዞ ወደ ፊት ሲጎተት መደገፊያውና መቀመጫው አብረው ይገለበጡና ከኋላ የተደበቀው ፍራሽ ይዘረጋል። ትራስ ማንሣት የለም፤ ቀስ ብሎ በአንድ እንቅስቃሴ ያልቃል። ለኔ ከሁሉም የረቀቀው ይሄ ነው፤ የዘንጉ ብዛትም ዋጋውን የሚያንረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አልጋ የሚሆን ባለአንድ ሰው ወንበርስ? ስፋቱ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አዙሮ ማስተኛት አይታሰብም። ወደ ፊት መሄድ ግዴታ ነው፤ እያንዳንዳቸው 65 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ሦስት ክፍሎች ተዘርግተው 195 ይሞላሉ። የወንበሩ ልዩ ችግር ሚዛን ነው። ዕቃው ጠባብና ቀላል ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ እግሩ ወለል ካልረገጠ፣ ሁለተኛው መከተል ሲጀምር ወንበሩ በሙሉ ወደ ፊት ይደፋል። ስለዚህ እግሮቹ የሚወርዱበት ቅደም ተከተል በዘንጎቹ ውስጥ ተሰልቶ መግባት አለበት።

ፍራሹ ለምን ቀጭን ይሆናል? ያ ወገብ የሚቆረቁር ብረትስ ከየት መጣ?

የአምራቹ ስስት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። መቀመጫው ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከላይ ያለው ትራስ 14 ይወስዳል። ከሥር ለጽዳት 6 ይተዋል። የቀረው 25 ነው፤ ከዚያም ላይ የታጠፈው ፍሬም ራሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበላል። በተረፈው 20 ወይም 22 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፍራሹ ድርብ ሆኖ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ውፍረቱ 10 ወይም 11 ላይ ይቆማል። ይህን ለማለፍ ወይ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ ነው፣ ተቀማጩ እግሩ ወለል አልነካ ይላል፤ ወይ ትራሱን ማሳሳት ነው፣ መቀመጫው ይሻክራል። ፍራሹን በመደገፊያው ውስጥ የሚደብቀው ስልት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ፍራሽ የሚያስገቡ አሉ።

አሁን ወደሚቆረቁረው ብረት እንምጣ። ፍራሹ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነና በሁለት የፍሬም ክፍሎች መሐል ከታጠፈ፣ በክፍሎቹ መሐል 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። አንድ ተራ ማጠፊያ ብቻ ቢኖር ክፍሎቹ ሊገጥሙ ይሞክራሉ፤ ፍራሹ እጥፋቱ ላይ ይጨፈለቃል፣ ስፖንጁም ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይሞታል። ስለዚህ በሁለቱ ክፍሎች መሐል አጭር አገናኝ ይገባል፤ በሁለቱም ጫፉ መጋጠሚያ ያለው። የግራና የቀኝ አገናኞች እኩል እንዲሄዱ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ቱቦ ያያይዛቸዋል። በቀጭኑ ፍራሽ አልፎ የሚቆረቁረው ብዙውን ጊዜ ይህ ቱቦ ነው። 190 ሴንቲ ሜትር በሦስት ሲከፈል ደግሞ አንዱ እጥፋት የሚወድቀው ወገብና ዳሌ አካባቢ ነው። የተሻለ ንድፍ ቱቦውን ከፍራሹ ማረፊያ ዝቅ አድርጎ ያጥፈዋል፣ ወይም ክፍሎቹን እኩል ከመክፈል ይልቅ እጥፋቱን ወደ ጉልበት ይገፋዋል።

ብረቱ ወዴት መሄድ እንዳለበት በምን ያውቃል?

ሶፋ አልጋ ሲከፈት ያየ ሰው ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ ሲወጡ፣ ሲዞሩና ሲወርዱ ታዝቧል። ሞተር የለም፤ የሚመራቸው የዘንጎቹ ርዝመት ነው። መሠረታዊው ስልት ባለአራት ዘንግ ይባላል፦ አንዱ ቋሚው የሶፋው ጎን፣ አንዱ የሚንቀሳቀሰው የአልጋ ክፍል፣ ሁለቱ ደግሞ አገናኞች። አራቱ በአራት መጋጠሚያ ሲያያዙ የሚንቀሳቀሰው ክፍል የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል። ሰውየው እንዴትም ቢጎትት ከዚያ መንገድ አይወጣም።

ታዲያ የመጋጠሚያዎቹ ቦታ እንዴት ይገኛል? ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። በሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ አንድ ነጥብ ይመረጣል። ሶፋው ሲዘጋ ነጥቡ ያለበት ቦታና ሲከፈት የሚደርስበት ቦታ ምልክት ይደረጋል። ሁለቱ በመስመር ይያያዛሉ፤ ከመስመሩ እኩሌታ ላይ 90 ዲግሪ የሆነ ሌላ መስመር ይሰመራል። በዚህ በሁለተኛው መስመር ላይ ያለ የትኛውም ቦታ ከሁለቱ ምልክቶች እኩል ይርቃል፤ ስለዚህ ዘንጉ እዚያ ላይ ቢታሰር ነጥቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። በሌላ ነጥብ ይህንኑ መድገም ሁለተኛውን ዘንግ ይሰጣል። መሐል መንገድ ላይም የተወሰነ ሦስተኛ ቦታ እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ ለምሳሌ የክንድ መደገፊያውን ጨርቅ እንዳይገሽልጥ፣ ምርጫው ይጠብና ለተመረጠው ነጥብ አንድ ቋሚ ማሰሪያ ብቻ ይቀራል። ጀርመናዊው የሒሳብና የጂኦሜትሪ ሊቅ ሉድቪግ ቡርሜስተር እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተመው ሥራ ይህን ዘዴ በሰፊው አበልጽጎታል፤ ባለአራት ዘንግ ስልት በትክክል እንዲያልፍባቸው ሊታዘዝ የሚችለው ቢበዛ አምስት ቦታ ነው።

ወረቀት ላይ የሚያምረው ሁሉ ግን አይሠራም። መነሻውንና መድረሻውን በትክክል የሚያስማማ ስልት መሐል ላይ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል፤ ወይም ዘንጎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ድሮ ካርቶን ቆርጦ በስፒል አያይዞ መሞከር የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ይታያል። ለሚማር ሰው ግን አሁንም ካርቶኑን እመክራለሁ፤ መጋጠሚያውን 1 ሴንቲ ሜትር ማዛወር ምን ያህል እንደሚያናጋ በእጅ ሲያዝ ነው የሚገባው።

ሰው ሲተኛበት ለምን ተመልሶ አይታጠፍም?

ቆመን ጉልበታችንን ቀጥ ስናደርግ ያለ ብዙ ድካም መላ ሰውነታችንን እንሸከማለን፤ ጉልበቱ ትንሽ ሲታጠፍ ግን ጭናችን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በፍሬሙ ውስጥ ያለው መቆለፊያም በዚሁ መርህ ይሠራል። ሁለት ዘንጎች በመሐል መጋጠሚያ ተያይዘው ቀጥ ሲሉ ጭነቱ በርዝመታቸው ያልፋል፤ የሚያጥፋቸው ኃይል አይኖርም።

ብልሃቱ ከቀጥታው ትንሽ ማሳለፍ ነው። ዘንጎቹ ጥቂት ዲግሪ ወደ ተቃራኒው ጎን አልፈው በማቆሚያ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ በኋላ ሰው በተኛ ቁጥር ክብደቱ ዘንጎቹን ወደ ማቆሚያው ይገፋቸዋል፤ ጭነት ሲጨምር ቁልፉ ይበልጥ ይጠብቃል። አልጋውን ለመዝጋት መጀመሪያ የእግር በኩሉን ጫፍ ከፍ ማድረግ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ዘንጎቹን ከማቆሚያው ማስለቀቅ አለ። ዝም ብሎ ወደ ውስጥ የሚገፋ ሰው ከራሱ ቁልፍ ጋር ነው የሚታገለው፤ ዘንግ የሚጣመመውም ያኔ ነው።

ሞላው ምን ይሠራል?

የሚነሣው ክፍል ከነፍራሹ 25 ኪሎ ግራም፣ የክብደቱም መሐል ከመጋጠሚያው 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በ120 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ጫፍ ይዞ ለማንሣት 12 ኪሎ ተኩል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ነው። 60 ዲግሪ ሲነሣ ግማሽ ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዜሮ። ሞላ ደግሞ በጣም ሲሳብ ነው ኃይሉ የሚበረታው። አልጋው ተዘርግቶ ክብደቱ በከበደበት ሰዓት ሞላው እጅግ ተስቦ እንዲገኝ ከታሰረ ሁለቱ ይመጣጠናሉ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም፦ ሞላው የተመረጠው ለተወሰነ ፍራሽ ክብደት ነው። ከባድ ፍራሽ ቢቀየርለት መዝጊያው ይከብዳል። ፍራሹ ወጥቶ ባዶውን ቢከፈት ደግሞ ሞላው ተቃዋሚ ስለሌለው ፍሬሙን በድንገት መልሶ ሊያስፈነጥረው ይችላል። በግድግዳ ላይ በሚታጠፉ አልጋዎች ይህ አደጋ ይብሳል።

ከብረቱ ውፍረት ይልቅ አቀማመጡ

ውፍረቱ 3፣ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ተጋድሞ ሲጫን በቀላሉ ይጎብጣል። በጠባቡ ጎኑ ሲቆም ግን ያው ብረት ከ40 ጊዜ በላይ ይጠነክራል። ስለዚህ «ብረቱ ወፍራም ነው» የሚል ሻጭ ግማሹን ነው የነገረን። ርዝመትም እንዲሁ ነው፤ ድጋፍ የሌለው ርቀት እጥፍ ሲሆን በተመሳሳይ ጭነት ጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰፊ አልጋ መሐል የምትጨመረው አንዲት እግር ብዙ ኪሎ ብረት የምትተካው በዚህ ሒሳብ ነው።

መጋጠሚያው ላይ ግን መቆጠብ አያዋጣም። በ5 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት መጋጠሚያዎች 1 ሜትር የሚረዝም ክፍል ይዘዋል እንበል። ቀዳዳው በመፋተግ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የክፍሉ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ይወዛወዛል። በብረትና በብረት መሐል የናይለን ሮንዴላ (መሐሉ የተበሳ ቀጭን ቀለበት) የገባበት ፍሬም ረጅም ዕድሜ የሚኖረው፣ ድምፁም የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ከአንድ ጎን ብቻ መጎተትም ያጣምመዋል፤ መጎተቻ ማሰሪያው ወይም እጀታው መሐል ላይ የተደረገው ለጌጥ አይደለም።

ጋለል የሚለው ወንበርስ?

መደገፊያው ወደ ኋላ የሚሄድ፣ የእግር ማሳረፊያው የሚነሣ ወንበር አልጋ አይሆንም፤ የዘንጉ ዕውቀት ግን ያው ነው። ጥሩ የተሠራ ከሆነ መደገፊያው ሲያጋድል መቀመጫው ወደ ፊት ይንሸራተታል። በዚህም የተቀማጩ የክብደት መሐል ከወንበሩ እግሮች ክልል ሳይወጣ ይቆያል፤ ወንበሩም ግድግዳ አጠገብ ሆኖ መከፈት ይችላል። የሰውየው የራሱ ክብደት ስለሚያግዝ በጀርባው ገፋ ማድረግ ይበቃዋል።

የአጎት ልጆቹ ኤድዋርድ ክናቡሽና ኤድዊን ሹሜከር እ.ኤ.አ. በ1928 በሚሺጋን ግዛት በሞንሮ ከተማ የሠሩት የመጀመሪያው ጋላይ ወንበር ከእንጨት ርብራብ የተሠራ የበረንዳ ወንበር ነበር፤ «ሌዚ ቦይ» የተባለው ኩባንያ መነሻ እሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ሳራ ጉድ ቺካጎ ውስጥ ታጥፎ የጽሕፈት ጠረጴዛ ለሚሆን አልጋ የአሜሪካን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝታለች፤ ፓተንት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች አንዷ ናት። የሶፋ አልጋ አምራቹ በርናርድ ካስትሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 የአራት ዓመት ልጁን በርናዴትን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሶፋ አልጋ አስከፈታት። ሕፃን ልጅ ከከፈተችው ሞላውና መጋጠሚያው በልክ ተሰልተዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለንድፍ ባለሙያ የተሻለ መለኪያ አልመጣም።

ጣት የሚይዘው የት ነው?

ቀጥ ሊል የተቃረበ የዘንግ ጥንድ በትንሽ ግፊት እጅግ ትልቅ ኃይል ያወጣል። መቆለፊያውን የሚያጠብቀው ይኸው ኃይል በመሐሉ የገባን ጣትም ይቀጠቅጣል። ንድፍ አውጪው የሚከተለው መርህ ግልጽ ነው፦ ክፍተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወይ ጣት የማያስገባ ጠባብ፣ ወይ ጣት ሳይነካ የሚያልፍበት ሰፊ ይሁን። አደገኛው እየሰፋ እየጠበበ የሚሄደው ነው። በጋላይ ወንበር ላይ በመቀመጫውና በእግር ማሳረፊያው መሐል ያለው ክፍተት ሕፃናትን ጎድቷል፤ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ልጅ ያለበት ቤት የእግር ማሳረፊያው ተነሥቶ መተው የለበትም። በአውሮፓ የሶፋ አልጋና የተንቀሳቃሽ መቀመጫ ስልቶች የሚፈተሹበት ራሱን የቻለ መስፈርት አለ፤ ቁጥሩ ኢኤን 13759 ነው።

ከመግዛት በፊት ምን ይታይ?

ሻጩ እንዲከፍተው አይጠብቁ፤ ራስዎ ይክፈቱት፣ ይዝጉት፣ ይድገሙት። መሐል ላይ የሚነክስ ከሆነ በአገልግሎት ይለቃል ብለው አያስቡ፤ የመጋጠሚያ ቦታ ስሕተት አይለቅም። ተዘርግቶ ሳለ የእግር በኩሉን ጫፍ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ነቅነቅ ያድርጉት፤ በአዲሱ የሚወዛወዝ ነገ ይብስበታል። ከዚያ ፍራሹ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ወገብዎ ሥር ቱቦ ይሰማዎት እንደሆነ ያዳምጡ፤ መቀመጥ ብቻ አይነግርዎትም። ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ፦ ሮንዴላ አለ ወይ፣ የግራውንና የቀኙን የሚያያይዝ ቱቦ አለ ወይ፣ ማረፊያው ርብራብ ነው ወይስ የተወጠረ መረብ። ርብራብ ሳይረግብ ይቆያል፤ መረብ ቀላል ነው፣ ግን ጊዜ ሲያልፍ መሐሉ ይሰምጣል።

ቤት ከገባ በኋላ መጋጠሚያዎቹ ሲጮሁ ዘይት መቀባት ይለመዳል። ዘይትና ግራሶ ከስፖንጅና ከጨርቅ የሚወጣውን ብናኝ ይይዛሉ፤ ብናኙ ከብረት ጋር እየተፋተገ ቀዳዳውን ያሰፋል። ደረቅ ሲሊኮን ይሻላል። የተዘረጋው አልጋ ጫፍ ላይ፣ ከመጨረሻዎቹ እግሮች ባሻገር፣ መቀመጥም ይቅር፤ እግሮቹ መነሻ ሆነው የኋላውን ክፍል ወደ ላይ ያነሡታል፣ ጭነቱን እንዲያጠብቅ የተሠራው መቆለፊያም በተቃራኒው ተጎትቶ ይለቃል።